ነጥብ በቆርኪ ሲያዝ

ካርታ ወይም ዶሚኖ ስትጫወቱ ብዙውን ጊዜ ነጥቡን ከመካከላችሁ አንዱ በወረቀት ይይዛል። ጭቅጭቁም ከዚያው ወረቀት ይነሳል፤ ጸሐፊው ራሱ ተጫዋች ነዋ! ገበጣ ላይ ይህ ችግር የለም። የበላችሁት ጠጠር ራሱ ነጥባችሁ ነው።

ለሌላው ጨዋታ ደግሞ ቆርኪ አለላችሁ። ዋጋው ምንም ነው፤ ግሮሰሪ ጠይቃችሁ ሰብስቡና እጠቡት።

ለአንድ ነጥብ አንድ ቆርኪ መስጠት እስከ 10 ለሚደርስ ጨዋታ ይበቃል። እስከ 100 ከሆነ ግን ለአራት ሰው 400 ገደማ ሊያስፈልግ ነው። ማን ይሸከመዋል?

መላው ዳማ ተጫዋቾች የሚያውቁት ነው፤ ቆርኪ ሁለት ፊት አለው። ጽሑፉ ወደ ላይ ከሆነ 1፣ ከተገለበጠ 10 ይሁን። 8 ነጥብ ያለው ሰው 7 ቢያገኝ 15 ይሆናል። ስለዚህ አንዱን ቆርኪ ይገለብጣል፣ አምስቱን እንዳሉ ይተዋል፣ ሁለቱን ወደ መሃል ይመልሳል። 99 ነጥብ በ18 ቆርኪ ይያዛል፤ ለአራት ሰው 72 ይበቃል።

ማጭበርበርስ? ከኪስ የተጨመረ ቆርኪ መጨረሻ ላይ ሁሉም ሲቆጠር ይጋለጣል። አንዱን በጣት ገልብጦ 1ን 10 ማድረግ ግን በቆጠራ አይታወቅም። ቆርኪ የሚገለበጠው ሁሉም እያየ ብቻ ይሁን።

ልጆች ካሉበት ሌላ መንገድ እመርጣለሁ። እንግሊዞች ክሪቤጅ በሚባል የካርታ ጨዋታ ነጥብ የሚይዙት ቀዳዳ ባለው ሰሌዳ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ችንካር፣ ማለትም ትንንሽ እንጨት፣ ይሰካል። ነጥብ ሲያገኝ የኋላውን አንስቶ ከፊተኛው አሳልፎ ይተክላል። ፊተኛው ከቦታው ስላልተነቃነቀ የተጨመረው ልክ መሆኑን ማንም መልሶ ሊቆጥር ይችላል። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው።

ሰሌዳው የለንም ካላችሁ ካርቶን ላይ ከ1 እስከ 100 ቁጥር ያላቸው ካሬዎች አስምሩ። የካሬው ጎን 3 ሳንቲሜትር ቢሆን ካርቶኑ 30 በ30 ይሆናል። አንዱ ሁለት ባቄላ፣ ሌላው ሁለት ሽምብራ፣ ሌላው ሁለት አዝራር ይያዝ፤ አንድ ካሬ ላይ ቢገናኙም አይምታቱም። ጥሬው ግን ቆሎ አይሁን፤ ጨዋታው ሳያልቅ ነጥቡ ይበላል።