ጓያ እግርን ለምን ያስራል?

እሾህ ሲወጋን «ውይ!» ከማለታችን በፊት እግራችን ይነሳል። ይህን ያህል ፈጥኖ መልእክት የሚያመላልሰው ነርቭ ነው። ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፈጣኑ የነርቭ መልእክት በሰከንድ 100 ሜትር ያህል ስለሚሄድ ይህን መንገድ በ7 ደቂቃ ገደማ ይጨርሰው ነበር።

ነርቭ የተሠራው ከሕዋሳት ነው። ሕዋሱ በዓይን አይታይም፤ ክሩ ግን ረጅም ነው፤ ከወገብ እስከ እግር ጣት የሚደርስ አለ። በክሩ ላይ መልእክቱ በኤሌክትሪክ ይሄዳል። ነገር ግን በአንዱ ሕዋስና በሌላው መካከል ጠባብ ክፍተት አለ። ታዲያ እንዴት ይሻገራል?

ወንዝ ሞላ እንበል። መልእክተኛው ሮጦ ይመጣና ወንዙ ዳር ይቆማል። ወረቀቱን ድንጋይ ላይ ጠቅልሎ ወደ ማዶ ይወረውራል። ማዶ ያለው ጓደኛው አንስቶ ሩጫውን ይቀጥላል። ሕዋስም እንዲሁ ነው። መልእክቱ ክሩ ጫፍ ሲደርስ ቅመም ይረጫል፤ ማዶ ያለው ሕዋስ ቅመሙን ተቀብሎ ይነሳል። ከነዚህ ቅመሞች አንዱ ግሉታሜት ይባላል። ሥራው ሲያልቅ ቶሎ ይጠረጋል፤ ሕዋሱም ያርፋል።

የጓያ ነገር እዚህ ላይ ነው። በጓያ ፍሬ ውስጥ ግሉታሜትን የሚመስል መርዝ አለ። ሕዋሱ እውነተኛ መልእክት የመጣ መስሎት ደጋግሞ ይነሳል፤ ዕረፍት ያጣል፤ በመጨረሻም ይሞታል። ሐኪሞች እንደሚሉት በዚህ የሚጎዱት ከአንጎል ለእግር ትእዛዝ የሚያወርዱት ሕዋሳት ናቸው። ስለዚህ ሰውዬው አእምሮው ደህና ነው፤ እጁም አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። እግሩ ግን ይገተራል፤ ዱላ ይዞ በጣቱ ጫፍ ይሄዳል። የሞተው ሕዋስ አይመለስም፤ የሚያድን መድኃኒትም የለውም።

ጓያ ድርቅንም፣ ውኃ የተኛበትን መረሬም ይችላል። በሞረትና ጅሩ የሚዘራው ለዚህ ነው። ሌላው እህል ሲጠፋ እርሱ ብቻ ይቀራል፤ አደጋውም ያኔ ነው። በ1989 ዓ.ም. አካባቢ በወሎ ደላንታ ከድርቅ በኋላ ብዙ ሰው፣ በተለይም ወጣት ወንዶች፣ በዚህ በሽታ ተይዘዋል።

«የሚመታው እንፋሎቱ ነው» የሚሉ አሉ። አይደለም፤ መርዙ ያለው ፍሬው ውስጥ ነው። ስለዚህ ጓያን ለወራት ለብቻው አትብሉ። ዘፍዝፉትና ውኃውን ድፉት፤ በብዙ ውኃ ቀቅሉት፣ ያንንም ድፉት። ከጤፍ ወይም ከስንዴ ጋር ስትቀላቅሉ ጓያው ከሦስት እጅ አንድ እጅ አይብለጥ። ይህ ሁሉ መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም። ሌላ እህል ከተገኘ ጓያውን ማሳነስ ይሻላል።