አለማብረቅም ሥራ ነው

«ጋሼ፣ ክሊር ካልረጩበት ዋጋው ለምን ይጨምራል?» ማት የምንለውን ደብዛዛ ቀለም ፈልጎ ጋራዣችን የሚመጣ ሰው ሁሉ ይህን ሳይጠይቀኝ አይሄድም። አልፈርድበትም። የሚያብረቀርቅ መኪና ብዙ የተለፋበት ይመስላል፤ ደብዛዛው ደግሞ ሥራው መሀል ላይ የተቋረጠ። በመርጫው በኩል ለቆምነው ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በሚያብረቀርቀው፣ ግሎስ በምንለው ቀለም ላይ የረጪው ጥፋት ይታረማል፤ ማት ላይ እንዳለ ይቀራል።

ከክሊሩ ልጀምር። የዛሬ መኪና ቀለም አንድ ንብርብር ብቻ አይደለም። ላሜራው ላይ ፕራይመር ይረጫል፤ በላዩ መልኩን የሚሰጠው ቤዝ ይመጣል፤ ከሁሉም በላይ ክሊር የምንለው፣ ቀለም የሌለው ጠንካራ ሽፋን ይደረባል። ቤዝ ሲደርቅ ከተፈጥሮው ደብዛዛ ነው። ይህን ያየ ደንበኛ «በቃ እዚሁ ላይ ተወው፣ ማት ማለት ይኸው አይደል?» ይላል። ክሊር ያልተደረበበት ቤዝ ግን ፀሐይ ያነጣዋል፣ ቤንዚን ሲንጠባጠብበት ይለቃል፣ ጥፍር ሳይቀር ይጭረዋል። ማት መኪናም ክሊር አለው፤ የክሊሩ ዓይነት ነው የሚለየው።

ማት ክሊር ውስጥ በአብዛኛው ሲሊካ የሚባል እጅግ የደቀቀ ዱቄት አለ። ክሊሩ እንደተረጨ እርጥብ ስለሆነ ማትም ቢሆን ያብለጨልጫል። ክሊሩን ያቀጠነው ቲነር ሲተን ሽፋኑ እየሳሳ ይሄዳል፤ ያኔ ቅንጣቶቹ ከስር እየገፉ ፊቱን ዓይን በማያየው መጠን ያጎረብጡታል። በማለዳ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር የቆመ ሰው ውጤቱን ያውቀዋል፤ ነፋስ ሳይነሳ ውሃው ሰማዩንና ዛፉን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ ነፋስ ሲነካው ውሃው ያው ውሃ ነው፣ ምስሉ ግን ይጠፋል። ማት ቀለም ላይ ያረፈ ብርሃንም በአንድ አቅጣጫ ተወርውሮ በመመለስ ፈንታ በየአቅጣጫው ይበተናል።

የብርሃኑ አመላለስ የሚለካበት መሣሪያ አለ። በ60 ዲግሪ ማዕዘን ብርሃን ልኮ ምን ያህሉ እንደተመለሰ ያነባል። መነሻው የተወለወለ ጥቁር መስታወት ሲሆን እሱ 100 ይባላል። በደንብ የተቀባ ግሎስ መኪና 90 አካባቢ ያነባል። ማት የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከ20 በታች ነው። ሳቲን በመካከል፣ ከ25 እስከ 40 ገደማ ይውላል፤ ወዝ አለው፣ መልክህን ግን አያሳይህም። ድንበሩን እያንዳንዱ ፋብሪካ በየራሱ ስለሚያሰምር «ማት አድርግልኝ» ማለት ብቻውን አይበቃም። እኔ የአንዱን ፋብሪካ ማት ክሊርና ከዚያው ፋብሪካ የመጣ ከፊል ግሎስ ክሊር በተለያየ መጠን ቀላቅዬ ቁርጥራጭ ላሜራ ላይ እረጫለሁ፤ ደንበኛው ደጅ አውጥቶ በፀሐይ ያየውና ይመርጣል። በጋራዥ አምፖል ሥር የተመረጠ ቀለም ጭቅጭቅ ያመጣል።

የሞተር ሳይክል ታንከር ስቀባ ቆሞ ያየኝ ሰው ዋጋውን አይከራከረኝም። መጀመሪያ የክሊሩን ቆርቆሮ ከስሩ አማስለዋለሁ፤ ሲሊካው ስለሚዘቅጥ ካልተነሳ ከላይ የተቀዳው ያብረቀርቃል፣ ከታች የቀረው ከሚገባው በላይ ይደበዝዛል። ማጠንከሪያውን፣ ሃርድነሩን፣ በልኩ ጨምሬ፣ አጥልዬ፣ የመጀመሪያውን ዙር ረጭቼ እቆማለሁ። ልምድ የሌለው ልጅ የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ታንከሩ እርጥብ ሆኖ ያብለጨልጫል፤ ከዚያ ሽፋኑ ከሳሳበት ከጠርዙ ጀምሮ ብርሃኑ ይሸሻል፤ መሀሉ መጨረሻ ላይ ይደበዝዛል። ሁሉም እኩል ሳይደበዝዝ ሁለተኛውን ዙር የደረበ ሰው ቲነሩን ከስር ቀብሮታል፤ ሲደርቅ አንዱ ቦታ ደብዛዛ፣ ሌላው ወዛም ሆኖ ይቀራል።

በሁለተኛው ዙር እያንዳንዱ የእጅ ምልልስ የፊተኛውን ከግማሽ በላይ መሸፈን አለበት። የክሊሩ ውፍረት በጠቅላላው ከ40 እስከ 60 ማይክሮን ገደማ፣ የአንድ ፀጉር ያህል ነው። እጄ አንድ ቦታ ላይ ከዘገየ እዚያ ይወፍራል፤ የወፈረው ቦታ ደግሞ ያብረቀርቃል። ክረምት ላይ ብርዱና እርጥበቱ ሲበዛ ክሊሩ የሚደርቅበት ፍጥነት ይቀየራል፤ ከዚያው ቆርቆሮ በበጋ ያገኘሁትን መልክ ላላገኝ እችላለሁ። ስለዚህ የአንድን መኪና በርና ኮፈን በተለያየ ቀን አልረጭም።

ግሎስ ላይ አቧራ ቢያርፍብኝ አልደነግጥም። ሲደርቅ በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ አሽቼ፣ በፖሊሽ አብርቼ እመልሰዋለሁ። ማት ላይ እንዲያ ባደርግ ያሸሁት ቦታ ለስልሶ ይበራል፤ የበራውን መልሶ የሚያደበዝዝ ፖሊሽ የለም። አንዲት ዝንብ ካረፈችበት በሩ በሙሉ እንደገና ይታሻል፣ እንደገና ይረጫል። ጭረትም እንደዚያው ነው። «ይህችን ብቻ ንካልኝ» የሚሉት ነገር አይሠራም፤ ክሊሩ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ይደገማል። ዋጋው ላይ የምጨምረው ለዚህ ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ጣጣ ማን ወደደው? መጀመሪያ ነገሩ የውበት አልነበረም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንደ ፒ-51 ማስታንግ ያሉ ተዋጊ አውሮፕላኖች ገላቸው የሚያብለጨልጭ ቢሆንም ከአብራሪው ፊት ያለው አፍንጫቸው በደብዛዛ ቀለም ይቀባ ነበር፤ ነጸብራቁ ዓይኑን እንዳይመታው። ኋላ የራሊ መኪኖችም ዘዴውን ወሰዱት፤ የጣሊያኑ ላንቺያ ፉልቪያ ኤችኤፍ ደብዛዛ ጥቁር ኮፈን ይዞ ይወዳደር ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹና በ50ዎቹ አሮጌ መኪና እየቆራረጡ ሆት ሮድ የሚሠሩ ወጣቶች ለቀለም ገንዘብ እስኪያገኙ በፕራይመር ብቻ ይነዱ ነበር፤ እየቆየ ያው መልክ ፋሽን ሆነ። እኛም አገር በፕራይመር የሚዞር መኪና ብርቅ አይደለም፤ ምክንያቱም ያው ነው፣ ብር እስኪሞላ። እ.ኤ.አ. በ2007 ላምቦርጊኒ ሬቬንቶን የተባለውን መኪናውን ደብዛዛ አድርጎ ፍራንክፈርት አውደ ርዕይ ላይ ሲያቀርብ ግን ጉዳዩ የድህነት መሆኑ ቀረ። ቢኤምደብሊው «ፍሮዝን»፣ መርሰዲስ «ማግኖ»፣ ሃርሌይ ዴቪድሰን «ዴኒም» እያሉ ከፋብሪካ ያወጡታል።

የወደዱት ያለ ምክንያት አይደለም። ግሎስ ላይ የምታየው ግማሹ መብራቱ፣ ደመናው፣ አጠገቡ የቆመው ሕንፃ ነው። ማት ላይ የምታየው የመኪናውን ቅርጽ ነው። አሮጌ ቮልስ ሳቲን ሲቀባ የፓራፋንጎው ጉብታና የኮፈኑ መታጠፊያ በጥላና በብርሃን ብቻ ይለያል። ባትላሜው ያልጨረሰው ትንሽ ሞገድም በግሎስ ላይ እንደሚታየው ፈጦ አይታይም። የብርጭቆ ወረቀት ጭረትን ግን ማት ይደብቃል ብሎ ማመን አይገባም።

ቀለሙ በሰላም ከወጣ በኋላ ጠላቱ ላቫጆ ነው። የላቫጆው ልጅ በቅንነት፣ ጎማ የጠረገበትን ጨርቅ ናፍጣ ውስጥ ነክሮ «ላብራልህ?» ይላል። ማት መኪና ግን ሰምም፣ ፖሊሽም፣ ናፍጣም፣ የሚሽከረከር ብሩሽም አይወድም። በብዙ ውሃ አቧራውን አውርዶ፣ ለስላሳ ሳሙናና ንጹሕ ጨርቅ፣ ያለ ኃይል። የወፍ ኩስና የዛፍ ሙጫ ሳያድሩ በውሃ ርሰው መነሳት አለባቸው፤ ክሊሩን ካቃጠሉት ፍቀን የምናስተካክለው ነገር የለም።

ሞተር ሳይክል ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ጉልበት ታንከሩን ዘወትር ያሸዋል፤ የታሸ ማት ቀስ በቀስ ይበራል። ቤንዚን ሲቀዳም ጠብ ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ለሞተር ሳቲን ነው የምመክረው፤ መታሸቱ ቶሎ አይታወቅበትም፣ ማጽዳቱም ይቀላል። ገና ያልቆረጠ ሰው ደግሞ ቀለሙን ሳይነካ ማት ፕላስቲክ ያልብስ፤ ሲሰለቸው ይላጣል። ጠንካራ ፀሐይ ዕድሜውን እንደሚያሳጥረው ግን ይወቅ። መልኩን የሚቀይር ሰው ሊብሬው ላይ የተጻፈውንም ያስብበት።

ጋራዥ ስትመርጥ ረጪው ምን እንዳጠለቀ እይ። በሃርድነሩ ውስጥ ያለው አይሶሳይኔት የሳንባ ጠንቅ ነው፤ ዕድሜ ልክ የማይለቅ አስም ሊያመጣ ይችላል፤ የጨርቅ ማስክም አያቆመውም። ለራሱ ሳንባ ያልተጠነቀቀ ሰው ለአንተ መኪና ይጠነቀቃል ብዬ አላምንም።

ማት ወይስ ሳቲን ብለህ ስትመጣ እኔ መልሼ የምጠይቅህ ሁለት ነገር ነው፤ መኪናህ የት ያድራል? ማን ያጥበዋል? ጥላ ካለህና ራስህ የምታጥበው ከሆነ ማት እቀባልሃለሁ። ጥላ ኖሮህ የሚያጥበው ሌላ ሰው ከሆነ ሳቲን ይሻልሃል። ዛፍ ሥር የሚያድርና ላቫጆ የሚታጠብ መኪና ይዘህ ከመጣህ ግን ግሎስ አስቀባ። የሚተርፍህን ብር ለጎማ አድርገው።