ዱልዱምነቱን ያመጣው እሳቱ ነው

ቢላዋ የሚገዛ ሰው እጀታውን ይጨብጣል፣ ጫፉን በአውራ ጣቱ ይዳስሳል፣ ዋጋ ይከራከራል። ብረቱ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ነገሩ ከባድ አይደለም፦ ካርቦን ብረትን የመጠንከር አቅም ይሰጠዋል፣ ክሮሚየም ደግሞ ከዝገት ይከላከልለታል።

በየቤቱ የምሰማውና ዝም ብዬ ማለፍ የማልችለው «የማይዝግ ቢላዋ አይቆርጥም» የሚለውን ነው። ይህ ስም ማጥፋት አብሮት የተወለደ ነው። ሃሪ ብሪርሊ እ.ኤ.አ. በ1913 በእንግሊዟ ሼፊልድ 12.8 በመቶ ክሮሚየም ያለበትን ብረት ያቀለጠው ለጠመንጃ አፈሙዝ ነበር። ሼፊልድ የቢላዋ ከተማ ናትና ናሙናውን ለቢላዋ ሠሪዎች ሰጠ። እነሱ ግን አይሆንም ብለው መለሱለት፤ «የማይቆርጥ ቢላዋ ፈልሳፊ» እያሉም ተሳለቁበት። ጥፋቱ የብረቱ አልነበረም። ተራ የካርቦን ብረት 800 ዲግሪ ገደማ ግሎ ሲነከር ይጠነክራል፤ የማይዝገው ግን 1000 ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ካልጋለ ካርቦኑ በደንብ ስለማይሟሟ በቅጡ አይጠነክርም። በለመዱት እሳት ሲሠሩት እንዴት ይቁረጥ? ኧርነስት ስቱዋርት የተባለ ባለሙያ ትክክለኛውን ሙቀት ሲያገኝለት ያው ብረት ግሩም ቢላዋ ወጣው።

ስለዚህ ብረትን ከብረት ሳወዳድር መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ እሳቱ ነው። ምናለሽ ተራ ገበያ አንድ ሻጭ ካራ እያሳየኝ «የባሌስትራ ነው ጋሼ፣ አይሰበርም» አለኝ። በምን እንደተነከረ ስጠይቅ ካራውን የሠራው ቀጥቃጭ ራሱ «በተቃጠለ ዘይት» ብሎ መለሰልኝ። ያን ጊዜ ገዛሁ። የመኪና ባሌስትራ ብዙውን ጊዜ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን አለው፤ አጥንት ቢነካ በቀላሉ አይሸረፍም፣ ለሥጋ ቤት ተመራጭ ነው። ሳይነከር የቀረ ባሌስትራ ግን በአንድ ቀን ይዶለዱማል።

ጀርመኖች ለወጥ ቤት የሚወዱት ብረት 0.5 በመቶ ካርቦንና 15 በመቶ ገደማ ክሮሚየም አለው፤ ቶሎ ይደክማል፣ ግን በሞረድ ቶሎ ይመለሳል። የጃፓኖቹ «ነጭ ወረቀት» የተባለው ብረት ብዙውን ጊዜ ከ1 በመቶ በላይ ካርቦን ይዞ በስለት አቻ የለውም። አጥንት ላይ ግን ይሸረፋል፤ ሎሚ ቆርጠው ሳይጠርጉት ካስቀመጡትም ወዲያው ይጠቁራል። የማይዝገውም ቢሆን ጨው ባለበት እቃ ማጠቢያ ውስጥ ካደረ ነጠብጣብ ያወጣል፤ እባካችሁ አጥባችሁ አድርቁት።

ከሁሉ የሚከፋው ቢላዋ በቡታጋዝ አግሎ ፕላስቲክ መቁረጥ ነው። ባለሙያው ከነከረው በኋላ እንዳይሰባበር ብሎ 200 ዲግሪ አካባቢ ቀስ አድርጎ ያሞቀዋል፤ የምድጃ ነበልባል ከዚያ እጅግ ያልፋል። የካርቦን ብረት ጫፉ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ሄዷል። የፈለገውን ያህል ቢሞረድ አይመለስም፤ ቀጥቃጩ ጋ ወስዶ እንደ አዲስ ማስጋልና ማስነከር ብቻ ነው።