ዝገት የሚያጠራው ውሃ

አርሴኒክ ያለበት የጉድጓድ ውሃ ኩልል ያለ ነው። አይሸትም፣ በጣዕሙም አይለይም። ቢያፈሉትም አይጠራም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው መርዝ እየበረታ ይሄዳል። በባንግላዴሽ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕዝቡ ከኩሬ ውሃ ተላቆ ከተቅማጥ በሽታ እንዲድን በሚሊዮን የሚቆጠሩ የእጅ ፓምፕ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። የጉድጓዱ ደለል አርሴኒክ እንደሚለቅ የታወቀው ብዙ ሰው ለዓመታት ከጠጣው በኋላ፣ መዳፉና ውስጥ እግሩ ሲሻክር፣ ቆዳው ሲዥጎረጎር ነው። ኋላ ላይ የተመረዙት ፓምፖች ቀይ፣ ደኅናዎቹ አረንጓዴ ተቀቡ። ደጁ ላይ ቀይ ፓምፕ ያለው ቤተሰብ ግን ምን ይጠጣ?

በባንግላዴሽ የምትገኘው የኩሽቲያ ተወላጅና በአሜሪካ የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር አቡል ሁሳም ከወንድማቸው ጋር ሆነው ሶኖ የተባለውን ማጣሪያ የሠሩት ለዚህ ነው። ሁለት ባልዲ ተደራርቦ ይቀመጣል። በላይኛው ባልዲ አሸዋ አለ፤ በአሸዋው መካከል ደግሞ ቶርኖ ቤት ከሚጣለው ፍቅፋቂ የተሠራ ብረት። በታችኛው አሸዋ፣ ከሰልና የጡብ ስብርባሪ አለ። መብራትም ሆነ የሚጨመር ኬሚካል አያሻውም።

ሥራውን የሚሠራው ዝገቱ ነው። ብረቱ ውሃና አየር ሲያገኝ ይዝጋል፤ አርሴኒኩም ከዝገቱ ጋር በኬሚካል ተሳስሮ እዚያው ይቀራል። ከከርሰ ምድር የሚወጣው አርሴኒክ አብዛኛው በቀላሉ የማይያዝ ዓይነት ነው፤ ብረቱ ሲዝግ ግን ይህንኑ ወደሚያዘው ዓይነት ይለውጠዋል። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ብዙ ሌሎች ዘዴዎች ለዚህ ብቻ ክሎሪን ወይም ሌላ ኬሚካል ይጨምራሉ።

ዝገት ግን ጣጣም አለው። ከሶኖ በፊት በነበረው ባለ ሦስት እንስራ ማጣሪያ ልቅ የብረት ፍቅፋቂ ይጨመር ነበር፤ ፍቅፋቂው ሲዝግ እርስ በርሱ ተጣብቆ ይደድርና ውሃ አላሳልፍ ይላል። የሶኖ ብልሃት ብረቱን አስቀድሞ አዘጋጅቶ፣ ቀዳዳው የበዛ፣ እየዛገም ውሃ የሚያሳልፍ አድርጎ ማቅረቡ ነው። በሰዓት 20 ሊትር ገደማ ያወርዳል።

በ2007 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ብሔራዊ የምህንድስና አካዳሚ ለዚህ ሥራ የ1 ሚሊዮን ዶላር የግሬንጀር ሽልማት ሰጠ፤ ሁሳምም አብዛኛውን ገንዘብ ማጣሪያውን ለችግረኞች ለማዳረስ መደቡት።

ቢሆንም ብረቱ የመያዝ አቅሙን ሲጨርስ በዓይን አይታወቅም። በመጠጥ ውሃ ውስጥ ላለ አርሴኒክ የባንግላዴሽ ወሰን በሊትር 50 ማይክሮግራም፣ የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ደግሞ 10 ነው። ስለዚህ ማጣሪያውን አድሎ መሄድ አይበቃም፤ የሚወርደውን ውሃ በየጊዜው የሚመረምር ሰው በየመንደሩ መኖር አለበት።