የአሳን ጨጓራ የሚያነቡ ሰዎች

ኩታበር ወረዳን በምሥራቅ በኩል በምታዋስናት ተሁለደሬ ወረዳ ውስጥ ሎጎ ሐይቅ ይገኛል። ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ፣ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር የሚያልፍ ውሃ ነው። ሰው የሚያውቀው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው፤ ቀጥሎም በአሳው። አሳው ምን በልቶ እንደሚያድግ የሚመረምሩትን ባለሙያዎች ግን የሚያውቃቸው ጥቂት ነው። ሥራቸው ከዚህ የበለጠ ሊታወቅ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ከእነዚህ አንዱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ጌታቸው ተፈራ ናቸው። በ1980ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የሐዋሳና የዝዋይ ሐይቆችን ቆሮሶ፣ ማለትም ቲላፒያ የሚባለውን አሳ፣ አጠኑ። እንዲህ ያለ ጥናት ትዕግሥት ይጠይቃል። አሳው ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በመረብ ይያዛል፤ ጨጓራው ይከፈታል፤ የተገኘው በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ምን ያህል ፕሮቲንና ኃይል እንደያዘም በቤተ ሙከራ ይለካል። ቆሮሶ በአብዛኛው የሚመገበው አልጌ ነው። የአልጌ ሽፋን ግን በቀላሉ አይፈጭም። ሽፋኑን የሚሰብረው የጨጓራው ብርቱ አሲድ ነው፤ አሲዱ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አሳው መመገብ ከጀመረ በኋላ እየበረታ ይሄዳል። ጌታቸው በ1989 ያሳተሙት ጥናት የሐዋሳን ቆሮሶ የአመጋገብ ሰዓትና የጨጓራውን የአሲድ መጠን አንድ ላይ የመረመረ ነበር። ለአሳ አርቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ መኖ መቼ ቢሰጥ እንደሚጠቅም የሚያመለክተው እንዲህ ያለው ልኬት ነውና።

ዘነበ ታደሰ ደግሞ ጥያቄውን ወደ ሥጋው ወሰዱት። ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር በ1998 ባሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያ ሐይቆች ቆሮሶ የያዘው የስብ ዓይነት ከሚበላው አልጌ ጋር እንደሚያያዝ አሳዩ። እኛ ከአሳ የምናገኘው ኦሜጋ 3 መነሻው ያ አረንጓዴ ውሃ ነው ማለት ነው።

ወደ ሎጎ እንመለስ። ቆሮሶ የዚህ ሐይቅ ተወላጅ አይደለም፤ በ1970ዎቹ መገባደጃ ከሌላ ውሃ መጥቶ የተለቀቀ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን በተደረገ ልኬት ውሃው እስከ 9 ሜትር ድረስ ጠልቆ ይታይ ነበር። ኤልሳቤጥ ከበደ፣ ጌታቸው ተፈራና ባልደረቦቻቸው ሐይቁን አጥንተው በ1992 ሲያሳትሙ የሚታየው ጥልቀት ወደ አንድ ሜትር ገደማ ወርዶ ነበር። እነርሱ ከሰጡት ምክንያት ዋናው የአሳው ምግብ ነው፤ አዲሱ አሳ፣ አልጌ ብቻ ስለማይበላ፣ አልጌን እየበሉ ውሃውን ያጠሩ የነበሩትን ጥቃቅን የውሃ እንስሳት ሲፈጃቸው አልጌው ያለ ከልካይ በዛ። ከዓመታት በኋላ ታደሰ ፈታሂና ባልደረቦቻቸው በ2011 ባሳተሙት ጥናት የሐይቁን ፍጥረታት ማን ማንን እንደሚበላ አንድ በአንድ አስልተዋል። አሳ ወደ አንድ ሐይቅ ከመልቀቅ በፊት ምን እንደሚበላ መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው፤ ሎጎ ላይ ግን ጥያቄው የመጣው ከሥራው በኋላ ነው።

በኩሬ ርባታ የተመራማሪው ድርሻ ይለወጣል፤ እዚያ ምግቡን ቀማሚው ሰው ነው። ሰበታ ባለው የዓሣና የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከልና በሌሎች ተቋማት የተሞከሩት መኖዎች ገበሬው የሚያውቃቸው ናቸው፦ የኑግ ፋጉሎ፣ ፉርሽካ፣ የቢራ ፋብሪካ ተረፈ ምርት። የቆሮሶ ጫጩት ከመኖው ቢያንስ 30 በመቶ ያህሉ ፕሮቲን እንዲሆን ይፈልጋል። ፋጉሎ ፕሮቲኑ ጥሩ ነው፤ ገለባማነቱ ግን ስለሚበዛ ብቻውን አይበቃም። የከብት እበት በልክ ወደ ኩሬው ሲጨመር ደግሞ አልጌው ይበዛል፤ ቆሮሶም የተፈጥሮ ቀለቡን ያገኛል።

ለኩታበር ደጋ ዋናው ፈተና ብርዱ ነው። ቆሮሶ ደህና የሚያድገው ውሃው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው፤ ከ20 በታች ሲወርድ የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ የተሰጠው ፋጉሎም ሳይበላ ኩሬው ውስጥ ይበሰብሳል። ብርድን የሚችለው ካርፕ ለእንዲህ ያለ አገር ይሻላል። ስለዚህ እዚያ ኩሬ ለመቆፈር ያሰበ ገበሬ ጫጩትና መኖ ከመግዛቱ በፊት የምንጩን ውሃ ሙቀት በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ማለዳ ላይ ይለካ።