የመዝገብ ያዥ ደመወዝና የሥራው የወደፊት ዕድል

በንግድ ቤት ውስጥ ከሚያገለግሉት ሠራተኞች መካከል እንደ መዝገብ ያዥ ድካሙ የማይታይ፥ ስሕተቱ ግን ፈጥኖ የሚገለጥ ሠራተኛ የለም። ሻጩ የሸጠው ማታ ይቈጠራል፤ ሾፌሩ ያደረሰው ጭነት በመጋዘኑ በር ይታያል፤ መዝገብ ያዡ ዓመቱን ሙሉ በትክክል ጽፎ ያኖረው ነገር ግን የሚታወቀው ግብር በሚታሰብበት ወራት፥ ወይም ከደንበኛ ጋራ የሒሳብ ክርክር በተነሣ ጊዜ ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ብዙ ነጋዴዎች ለዚህ ሥራ የሚከፈለውን ደመወዝ ጥቅም እንደሌለው ወጪ ይቈጥሩታል። በሌላ ወገን ደግሞ ኮምፒውተር ሥራውን ስለሚሠራው ከእንግዲህ ወዲህ መዝገብ ያዥ አያስፈልግም የሚል ንግግር ይሰማል። ሁለቱም አስተያየቶች የነጋዴውንም የሠራተኛውንም ኑሮ የሚነኩ ስለ ሆነ፥ ጉዳዩን በየክፍሉ ለይቶ መመልከት ተገቢ ነው።

መዝገብ የመያዝ ግዴታ

በኢትዮጵያ ነጋዴ መዝገብ እንዲይዝ መታዘዙ አዲስ ነገር አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ይህን ግዴታ ደንግጎ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግም (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) አጽንቶታል። ከዚህም በላይ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 የሒሳብ መግለጫዎች ዓለም አቀፍ ደረጃን ተከትለው እንዲዘጋጁ መንገድ ከፍቷል።

በ2017 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ደግሞ ነገሩን ወደ ተራው ባለሱቅ አቅርቦታል። በዚህ አዋጅ መሠረት የዓመት ጠቅላላ ገቢያቸው 2 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆነ ነጋዴዎች በደረጃ «ሀ» ይመደባሉ፤ ደረጃ «ሐ» ይባል የነበረውም ቀርቷል። የዕቃ ዋጋ ከፍ ባለበት በዚህ ዘመን አንድ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ወይም የጅምላ ሱቅ 2 ሚሊዮን ብር ለመድረስ ብዙ ወራት አያስፈልገውም። ከዚህ መጠን በታች የሚሸጠውም ቢሆን ሽያጩን የሚያስረዳ መዝገብ ከሌለው፥ ግብር ሰብሳቢው በግምት የወሰነበትን ለመከራከር ማስረጃ አይኖረውም። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

የሚቀንሰው ሥራና የሚያድገው ሥራ

መዝገብ ያዥ የሚለው ስም ብዙ ሥራዎችን አጠቃልሎ ይይዛል። የመጀመሪያው ግልበጣ ነው፤ ይኸውም ከደረሰኝ ወደ ዕለት መዝገብ፥ ከዕለት መዝገብ ወደ ዋና መዝገብ ቍጥርን ማዛወር ነው። ይህ ሥራ በእርግጥ እየጠፋ ነው። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው የሸጠውን ራሱ ይይዛል፤ በባንክ ወይም ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በቴሌብር የተላለፈ ገንዘብ ቀኑንና መጠኑን ይዞ ይገኛል፤ ፒችትሪን የመሰሉ የሒሳብ ፕሮግራሞችም አንድ ጊዜ የገባላቸውን ቍጥር ወደ ዋናው መዝገብ ራሳቸው ያሸጋግራሉ። ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት፥ ጽሑፍ አዘጋጅ የሆነው አዲሱ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከሁሉ አብልጦ የሚነካው የጽሕፈት ሥራን መሆኑን ገልጿል፤ ከጽሕፈት ሠራተኞች ተግባር 24 በመቶው በከፍተኛ ደረጃ፥ ሌላ 58 በመቶው በመካከለኛ ደረጃ የተጋለጠ መሆኑን አስታውቋል። በዚህ ሥራ ላይ የተሰማሩት አብዛኞቹ ሴቶች በመሆናቸውም ጉዳቱ በእነርሱ ላይ እንደሚበረታ ጥናቱ አመልክቷል። እንግዲህ ሙያው ግልበጣ ብቻ የሆነ ወጣት፥ ወንድም ሆነ ሴት፥ የሥራ ዕድሉ ጠባብ መሆኑን ከወዲሁ ሊያውቅ ይገባዋል።

ሁለተኛው ሥራ ማመሳከር ነው። የባንኩ መግለጫ ከመዝገቡ ጋራ ለምን እንዳልተስማማ፥ በስቶክ ካርድ 40 ካርቶን ሲል በመጋዘን 37 ብቻ ለምን እንደ ተገኘ፥ ደንበኛው ከፍያለሁ ያለው ገንዘብ ወዴት እንደ ገባ መርምሮ የሚያገኝ ሰው ያስፈልጋል። ኮምፒውተር ልዩነቱን ያሳያል፤ መጋዘን ጠባቂውን ጠርቶ የሚጠይቅና ያልተጻፈውን የዱቤ ዕቃ የሚያወጣ ግን ሰው ነው።

ሦስተኛው ለመንግሥት የሚቀርበው ማስታወቂያ ነው። የተጨማሪ እሴት ታክስ፥ ከሠራተኞች ደመወዝ የሚቀነሰው ግብርና የጡረታ መዋጮ በየወሩ ጊዜያቸውን ጠብቀው መቅረብ አለባቸው። ቀኑ ሲያልፍ የሚከተለው መቀጫና ወለድ ነው።

አራተኛው በተለይ አስመጪዎችንና ላኪዎችን የሚመለከት ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፥ በሁለት የተለያዩ ወራት የገባ አንድ ዓይነት ዕቃ በብር ሲታሰብ የተለያየ ዋጋ ሊኖረው ይችላል። የባንኩን ሰነድ፥ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን፥ የመርከቡንና የየብሱን ማጓጓዣ፥ የመጋዘኑን ኪራይ በየጭነቱ ለይቶ የሚያስብ መዝገብ ያዥ የሌለው አስመጪ፥ አትርፌ ሸጥሁ እያለ የሚቀጥለውን ጭነት ለማስመጣት የማይበቃ ገንዘብ ይዞ ሊቀር ይችላል። ላኪውም ውሉን በፈረመበት ቀንና ገንዘቡ በገባበት ቀን መካከል ያለውን የምንዛሪ ልዩነት ካልመዘገበ ትርፉን በትክክል አያውቅም።

ከዚህ እንደምንረዳው የሚቀንሰው የመጀመሪያው ሥራ ሲሆን፥ የሚያድጉት የቀሩት ሦስቱ ናቸው።

ደመወዙ እንዴት እንደሚታሰብ

ስለ ደመወዝ በሚነጋገሩበት ጊዜ ቀጣሪው የሚያስበው ከኪሱ የሚወጣውን፥ ተቀጣሪው የሚያስበው በእጁ የሚገባውን ስለ ሆነ፥ ሁለቱ አንድ ቍጥር ጠርተው የተለያየ ነገር ይረዳሉ። ስለዚህ አንድ ምሳሌ እናቅርብ። የአንድ መዝገብ ያዥ የወር ደመወዝ 8,000 ብር ነው እንበል።

በ2017ቱ ማሻሻያ መሠረት ከደመወዙ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው። በሚቀጥለው 2,000 ብር ላይ 15 በመቶ፥ ይኸውም 300 ብር፤ ከዚያ ቀጥሎ ባለው 3,000 ብር ላይ 20 በመቶ፥ ይኸውም 600 ብር፤ በቀረው 1,000 ብር ላይ 25 በመቶ፥ ይኸውም 250 ብር ይታሰባል። ግብሩ በድምሩ 1,150 ብር ይሆናል። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ሠራተኛው 7 በመቶ፥ ማለት 560 ብር ያዋጣል። ስለዚህ በእጁ የሚገባው 6,290 ብር ነው። ቀጣሪው ደግሞ 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ፥ ማለት 880 ብር ስለሚጨምር ጠቅላላ ወጪው 8,880 ብር ይደርሳል።

ቀድሞ በነበረው የግብር ሠንጠረዥ ከዚሁ ደመወዝ ላይ ይቀነስ የነበረው ግብር 1,445 ብር ነበር። ማሻሻያው ለሠራተኛው በወር 295 ብር አትርፎለታል ማለት ነው፤ ይሁን እንጂ ይህ ገንዘብ ከቤት ኪራይና ከቀለብ ዋጋ ጋራ ሲመዛዘን የደመወዝ ጭማሪን የሚተካ አይደለም።

የትርፍ ሰዓት ሥራም ሊዘነጋ አይገባውም። በሰኔ መጨረሻ ዕቃ በሚቈጠርበት ወቅት መዝገብ ያዡን እስከ ማታ ማቈየት የተለመደ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በሳምንት 48 ሰዓት ወስኖ፥ ከመደበኛው ሰዓት በኋላ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራው የመደበኛውን የሰዓት ክፍያ 1.5 እጥፍ፥ በሳምንት ዕረፍት ቀን ለሚሠራው 2 እጥፍ፥ በሕዝብ በዓል ቀን ለሚሠራው 2.5 እጥፍ እንዲከፈል ያዝዛል። የ8,000 ብር ደመወዝ በ26 የሥራ ቀን ለ208 ሰዓት ሲካፈል አንዱ ሰዓት 38 ብር ከ46 ሳንቲም ይሆናል፤ የምሽቱ ትርፍ ሰዓት እንግዲህ 57 ብር ከ69 ሳንቲም ነው።

ለነጋዴው የሚበጀው

አንዳንድ ነጋዴዎች ወጪ ለመቀነስ ሲሉ ሥራውን ለዘመድ ልጅ ይሰጣሉ፤ ወይም ገንዘብ ተቀባዩ ራሱ መዝገቡን እንዲይዝ ያደርጋሉ። ገንዘብ የሚይዘው እጅና መዝገብ የሚይዘው እጅ አንድ በሆነበት ቤት ግን ጕድለት ቢፈጠር የሚያጋልጠው የለም። ይህ በሠራተኛው ላይ ጥርጣሬ ለማሳደር የተባለ አይደለም፤ ታማኙን ሠራተኛ ከሐሜት የሚጠብቀውም ይኸው ሥርዓት ነው።

ደመወዝ በማነሱ ምክንያት መዝገብ ያዥ ሲለቅ የሚደርሰው ጉዳትም መታሰብ አለበት። ሕጉ ለአዲስ ሠራተኛ የሚፈቅደው የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ አዲሱ ሰው የቀድሞውን አጻጻፍ ሲማር፥ ሁለት ወር ያህል የታክስ ማስታወቂያ ባልተጣራ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ ይቀርባል። በወር 1,000 ብር ለመቈጠብ ሲባል ከዚያ የሚበልጥ መቀጫ መክፈል ቍጠባ አይባልም።

አነስተኛ ሱቅ ያለው ነጋዴ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ለመቅጠር ዐቅም ካልኖረው፥ ፈቃድ ላለው የሒሳብ ባለሙያ በየወሩ ክፍያ ሥራውን ሊሰጥ ይችላል። ነገር ግን ደረሰኙን በየዕለቱ ሰብስቦ በቀን በቀኑ የማስቀመጡ ኀላፊነት ከባለሱቁ አይወርድም፤ ባለሙያው ያልቀረበለትን ደረሰኝ ሊመዘግብ አይችልምና።

ሠራተኛ ያለው ነጋዴ ደግሞ ደመወዙን በወንበር ላይ በተቀመጠበት ሰዓት ሳይሆን በሚችለው ሥራ ደረጃ ቢወስን ይጠቀማል። ደረሰኝ ብቻ የሚመዘግበው፥ ባንክ የሚያመሳክረው፥ ወርኃዊ ማስታወቂያ የሚያዘጋጀውና የአስመጪነት ሒሳብ የሚያወጣው እኩል ሊከፈላቸው አይገባም። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ለመሻገር ምን መማር እንዳለበትና ሲሻገር ምን እንደሚጨመርለት ለሠራተኛው አስቀድሞ ቢነገረው፥ የማታ ትምህርት ገብቶ ራሱን ያሻሽላል፤ ያሻሻለውንም ችሎታ ይዞ ወደ ሌላ ቤት አይሄድም።

ወጣቶችም በበኩላቸው የፕሮግራሙን ቍልፍ መጫን ማወቅ ብቻውን ሙያ እንዳልሆነ ይገንዘቡ። ፕሮግራሙ ይለወጣል፤ ዴቢትና ክሬዲት ለምን እኩል እንደሚሆኑ፥ የጐደለው 3 ካርቶን በየት በኩል እንደሚፈለግ ያወቀ ግን በየትኛውም ፕሮግራም ይሠራል። ነጋዴውም ዛሬውኑ የመዝገብ ያዡን ሥራ ከነዚህ አራት ክፍሎች በየትኛው ላይ እንደሚገኝ መርምሮ፥ ሰኔ ሳይደርስ ስለ ደመወዙና ስለ ትምህርቱ ከሠራተኛው ጋራ ቢነጋገር መልካም ይሆናል።