የገብስ ቡቃያ ምግቡን ከመሬት ስለሚስብበት መንገድ

ገብስ ተዘርቶ በበቀለ ጊዜ አስቀድሞ የሚመገበው ከመሬት አይደለም፤ በፍሬው ውስጥ ከተሰነቀለት ምግብ ነው። ስለዚህ በለማ መሬትና በደከመ መሬት የበቀሉት ቡቃያዎች በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ተመሳስለው ይታያሉ። ስንቁ ባለቀ ጊዜ ግን አንዱ ይለመልማል፥ ሁለተኛው ይገረጣል። ያን ጊዜ ዘሩን የሚወቅስ ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ምክንያቱ ብዙ ጊዜ በሥሩ ዘንድ ይገኛል።

ቅጠልን ከሚያለመልሙት ምግቦች ዋናው ናይትሮጅን ይባላል። ከአየር ከመቶው 78 እጅ ያህሉ ናይትሮጅን ቢሆንም፥ ገብስ ከአየር ሊወስደው አይችልም፤ በጥልቅ ጕድጓድ አፍ ላይ ገመድ ሳይዝ የቆመ ውኃ ቀጂን ይመስላል። በመሬት ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት ፍጉን አፍርሰው ናይትሮጅኑን አሞኒየምና ናይትሬት ወደሚባሉ ዓይነቶች ሲለውጡት በውኃ ይሟሟል፤ ቡቃያውም የሚወስደው ይህን የሟሟውን ነው።

በሥሩ ላይ ከሰው ጠጕር የቀጠኑ ጭራዎች አሉ። ምግቡ በእነዚህ የሚገባው በኀይል ነው፤ ኀይሉም የሚገኘው ሥሩ ሲተነፍስ ነው። ስለዚህ በእርሻው ላይ ውኃ ሲተኛ ሥሩ ይታፈናል፤ ምግቡ በአጠገቡ ሳለ እንኳ ቡቃያው ይራባል። ውኃውን በቦይ ማስወጣት ቡቃያውን እንደ መመገብ ይቈጠራል።

ከአሞኒየም የሚበዛው እዚያው በሥሩ ውስጥ ይለወጣል። ከናይትሬት የሚበዛው ግን ከውኃ ጋራ በቀጫጭን ቧንቧዎች ወደ ቅጠል ይወጣል፤ ቅጠሉ ውኃውን ወደ አየር ሲያተን የታችኛውን ወደ ላይ ይስበዋልና። በቅጠሉም ውስጥ በፀሐይ ብርሃን ኀይል ተለውጦ የተክሉ ሥጋ ይሆናል።

ናይትሮጅን ባነሰ ጊዜ ቡቃያው ከአሮጌ ቅጠሎቹ አውጥቶ ለአዲሶቹ ይልካል። ስለዚህ ቢጫነቱ ከታችኛው ቅጠል ጫፍ ይጀምራል። ከላይኛው ቅጠል የጀመረ እንደ ሆነ ግን ሌላ ጕድለት መኖሩን ያመለክታል።

ናይትሬትን ዝናብ በቀላሉ ያጥበዋል። ስለዚህ ዩሪያ የሚጨምር ገበሬ ሁሉን በዘር ቀን ከሚያፈስ ከፍሎ ቢሰጥ ይሻላል፤ ሁለተኛውንም ቡቃያው ከአንድ ሥር ብዙ አገዳ ማውጣት ሲጀምር ይስጥ። ባቄላ ከሥሩ ጕብጕብታ ውስጥ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት የአየሩን ናይትሮጅን ያገኛል፤ ይህንንም ሄልሪገል የተባለ የጀርመን ሊቅ በ1886 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ገለጸ። ባቄላ በነበረበት መሬት ላይ ገብስ መዝራት የሚጠቅመውም ስለዚህ ነው።

መምህሩ ይህን ለማሳየት ገብስን በታጠበ አሸዋና ፍግ በገባበት ዐፈር በሁለት ገል ይዝራ፤ የታችኛው ቅጠል አስቀድሞ በየትኛው እንደሚገረጣም ልጆቹ በየቀኑ ይመልከቱ።